ፊደል የቆጠረ መስኮት

ባለፈው ወር በአንዱ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የአክስቴ ልጅ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ በብብቱ ሸጉጦ አብነት ካለው ቤታችን መጣ። ዕድሜው ሃያ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ተብሎ በተጀመረው ሥልጠና ተመዝግቦ ፕሮግራም መጻፍ ከጀመረ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ቶናው ሳይቀዳ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ «ጋሼ፣ ዊንዶውሱን ላቆየው ወይስ ሊኑክስ ልጫንበት?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄው የቅንጦት አልነበረም። ማሽኑ የሚሠራበት ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይህን ያህል ያረጀ ማሽን አይቀበልም። አዲስ ይግዛ እንዳይባል፣ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ የላፕቶፕ ዋጋ የት እንደ ደረሰ የገበያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ትርፍ ሰዓቴን የምገፋው ግጥም በመሞነጫጨር ነው። ስለ ፕሮግራም ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ነገር ግን ስለዚህ ጥያቄ የማውቀው አንድ ታሪክ ነበረኝና ያን ነገርኩት። እነሆ ለእናንተም።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም (አንዳንዶች «ሥርዓተ ክወና» ይሉታል) የማሽኑ አጋፋሪ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ግብሩን የሚያበላው እሱ አይደለም፤ ማን እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቆሞ እንደሚጠብቅ የሚወስነው ግን እሱ ነው። የሌላው ዓለም ፕሮግራመር አጋፋሪውን ሲመርጥ ፍጥነቱን፣ ዋጋውን፣ ጠባዩን አይቶ ነበር። እኛ አገር ከነዚህ ሁሉ በፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ነበረ፦ ፊደላችንን ያስገባልን ይሆን?

ታሪኩ ከኮምፒዩተርም ይቀድማል። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሣ ስማቸው አብሮ የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የእንግሊዝኛውን መኪና ከፊደላችን ጋር ሲያስማሙ የገጠማቸው ችግር ቁጥር ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የመኪናው ቁልፍ ግን ከአምሳ ብዙም አይበልጥም። መፍትሔው ፊደሉን ቆራርጦ መቀጣጠል ሆነ፦ ግዕዙን አንድ ጊዜ መምታት፣ ከዚያም ቅጥያውን ከጎኑ ወይም ከእግሩ መለጠፍ። በልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ የኖረ ሰው የዚያን መኪና ድምፅ አይረሳውም። ባለጉዳዩ እየተናገረ፣ ራፖር ጸሐፊው እያስተካከለ፣ ኦሊቬቲው «ቀጭ ቀጭ» ሲል፣ «ሁ» የምትባለው ፊደል ከሁለት ቁራጭ ተሰፍታ ስትወለድ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ቅጥያዋ አንዳንዴ ዝቅ፣ አንዳንዴ ከፍ ትላለች። ዳኛው ግን ያነቡታል። ወረቀት ለጋስ ነው፤ ቀለም ያረፈበትን ሁሉ ይቀበላል።

ኮምፒዩተር እንደ ወረቀት ለጋስ አይደለም። ለእሱ ፊደል ቅርጽ ሳይሆን ቁጥር ነው። የጥንቱ ማሽን ለአንድ ፊደል የመደበው ቦታ አንድ ባይት ነበር፤ አንድ ባይት ከ256 በላይ ነገር ለይቶ አያውቅም። ከነዚህም ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 32 ቦታዎች ለማሽኑ የራሱ ትእዛዞች የተያዙ ናቸው፤ ቀጥሎ የላቲን ፊደላትና ምልክቶቻቸው ሰፍረዋል። እኛ ወደ በሩ ስንደርስ 231ዱን፣ «ቨ»ን ከነቤተሰቧ፣ እነ «ቋ»ንና «ጓ»ን የመሳሰሉትን ዲቃላዎች፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉትን ሃያ የቁጥር ምልክቶች፣ ሁለት ነጥቡን፣ አራት ነጥቡን ሁሉ አስከትለን ነው። ቤቱ ባዶ ሆኖ ቢቆየን እንኳ አይበቃንም ነበር።

ይህን በር በመጀመሪያ ያንኳኩት ባህር ማዶ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኮሎራዶ ዶ/ር አበራ ሞላ፣ በካሊፎርኒያ ደግሞ «ዳሸን ኢንጂነሪንግ»ን የመሠረቱት አቶ ፍስሐ አጥላው በዶስ ማሽን ላይ አማርኛ መጻፊያ ሠሩ። ዶ/ር አበራ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም መሆናቸውን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ የባንክ ሠራተኛ ሆኖ ግጥም ለሚጽፍ ሰው መጽናኛ ነው። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም፤ እኔ አልገባበትም።

ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ፣ ሰውም ተግተለተለ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ወጥቶ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን ሲፈሉ የኮምፒዩተር ለቀማ ትልቅ ሥራ ሆነ። ብራና፣ ዋሽራ፣ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ግዕዝ ኤዲት፤ ስማቸው ብቻ የቤተ መንግሥትና የደብር ሽታ ያለው የመጻፊያ ሠራዊት ተነሣ። ዘዴያቸው በጥቅሉ አንድ ነበር፦ የላቲኑን ፊደል ከወንበሩ ሳያስነሡ የእኛን ልብስ ማልበስ። ማሽኑ ውስጥ ያለው ቁጥር የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ ፎንቱ ግን በዚያ ቁጥር ላይ «ለ»ን ይሥላል። የምታየው «ለ» ነው፤ የተቀመጠው ሌላ ነው። አንድ ፎንት ስለማይበቃም ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈሉት፤ ጸሐፊው ሳያውቀው ፕሮግራሙ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ይጽፍለታል።

ችግሩ እያንዳንዱ ሠሪ «ለ»ን በየፈቀደበት ማስቀመጡ ነበር። በአንደኛው የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ነው። የፊደል ገበታ አንድ ሆኖ ሳለ፣ አማርኛ በኮምፒዩተር ውስጥ የማይግባቡ ብዙ አማርኛዎች ሆነች። ባቢሎን ቋንቋ እንደ ተደበላለቀባት ተነግሯታል፤ እኛ ቋንቋችን ሳይደበላለቅ ቁጥራችን ተደበላለቀ።

ወደ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ልመለስ። እነዚህ መጻፊያዎች አብዛኞቹ የተሠሩት በመጀመሪያ ለዶስ፣ ኋላም ለዊንዶውስ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1995 ዊንዶውስ 95 ሲወጣ ጽሕፈት ቤቱ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ ቀበሌው፣ ባንኩ ሁሉ ወደዚያ ጠቀለለ። ማኪንቶሽ በግራፊክስ ሰዎች ዘንድ ተወዳጅ ነበረ፤ ዋጋው ግን ከብዙው ሰው ኪስ አልገጠመም። ስለዚህ አንድ ወጣት ፕሮግራመር ለአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ፕሮግራም ልጻፍ ቢል ምርጫ አልነበረውም። ዊንዶውስን የመረጠው ስለ ወደደው አይደለም፤ የአገሩ ፊደል ተከራይቶ ይኖር የነበረው እዚያ ቤት ስለ ሆነ ነው። እዚያም ቢሆን ኑሮው የሰቀቀን ነበር። ስም በአማርኛ ይመዘግባል፤ በፊደል ተራ ደርድርልኝ ሲለው ማሽኑ የሚደረድረው በተደበቀው የላቲን ቁጥር ነውና «ዘውዴ» ከ«ሀብታሙ» ቀድሞ ቁጭ ይላል። ብዙዎቹ ፕሮግራመሮች ተስፋ ቆርጠው ስሙን ሁሉ በላቲን መጻፍ ጀመሩ። እኔ እስከ ዛሬ በመስኮቴ ፊት ከሚቆመው ደንበኛ ጋር የምነታረከው በዚያ ሳቢያ ነው፦ «ፀሐይ» የምትባል አንዲት እናት በላቲን በአራት ዓይነት ትጻፋለች፤ ደብተሯ ላይ ያለው ከመታወቂያዋ አይገጥምም።

ወዲያ ማዶ ግን ሌላ ነገር እየተካሄደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩ ኢትዮጵያውያን የሚጻጻፉት ኢሜይል በሚያመላልሱ የዩኒክስ ማሽኖች ነበር። ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ቤተ ሙከራ በእነ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የተጸነሰ፣ የፕሮግራመሮች የራሳቸው ቤት ነው። ፎንት የለ፣ ሥዕል የለ፤ ጥቁር ገጽ ላይ የላቲን ፊደል ብቻ። በዚያ ድርቅ ውስጥ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያቆብ «ሰራ» የተባለውን የአጻጻፍ ስምምነት አበጁ። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በላቲን ምን ተብሎ እንዲወከል፣ «ሀ» ከ«ሐ»፣ «ሰ» ከ«ሠ»፣ «ጸ» ከ«ፀ» እንዴት እንዲለይ ደነገጉ። ፎንት ቢኖርም ባይኖርም ጽሑፉ አይጠፋም፤ ሰውም ማሽንም መልሶ ሊያነበው ይችላል። እንደ እኔ አስተያየት ከዚያ ዘመን ሥራዎች ሁሉ አርቆ አሳቢው ይህ ነው፤ መልክ አልነበረውም እንጂ።

«ሰራ» ካልታሰበ ቦታ ወዳጅ አገኘ። በጃፓን ጽኩባ ከተማ በነበረው የኤሌክትሮቴክኒክ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ሪቻርድ ስቶልማን የጻፈውንና ፕሮግራመሮች የሚወዱትን «ኢማክስ» የተባለ የጽሑፍ መሣሪያ የዓለምን ቋንቋዎች ሁሉ እንዲችል ያደርጉ ነበር። ከነሱ አንዱ ታካሃሺ ናኦቶ የግዕዝ ፊደልን ጨመረበት፤ መጻፊያውም «ሰራ» ሆነ። የነዚህ ሰዎች ሥራ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1997 ከኢማክስ 20 ጋር ተዋሐደ። ኢማክስ ውስጥ የሰላምታ ገጽ አለ፤ የየቋንቋው ሰው በየራሱ ፊደል ሰላም የሚልበት። ከነሱ መካከል አማርኛ አንዷ ናት፤ «ሠላም» ትላለች። ትግርኛም ከጎኗ «ሰላማት» ትላለች። ሊቃውንቱ ቢያዩት ሰላም በእሳቱ ሰ እንጂ በንጉሡ ሠ አይጻፍም ብለው ይቆጡ ይሆናል። እኔ ግን ያችን ቃል መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ስለ ሞክሼው ትዝ አላለኝም። አንድ ጃፓናዊ ዊንዶውስ ፊደላችንን ከማወቁ አሥር ዓመት ገደማ ቀድሞ የፕሮግራመሮችን መሣሪያ አማርኛ ሰላምታ አስተምሮት ነበር።

የሊኑክስን ልደት ደግሞ እንዲህ አስታውሰዋለሁ። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት፣ ለጨዋታ ያህል ኦፕሬቲንግ ሲስተም እየሠራሁ ነው ብሎ ለዓለም የጻፈው ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ግንቦት 20ን ካየች ሦስት ወር እንኳ አልሞላትም። እኛ ስለ ሰላምና ስለ ሽግግር ስናወራ አንድ ልጅ ፊንላንድ ውስጥ በሩን ለሁሉ የከፈተ ቤት ይሠራ ነበር። ቤቱ ከዩኒክስ ወገን ነው፤ ምሥጢሩ ያልተሸፈነ፣ ማንም ገብቶ ግድግዳውን እንዲያፈርስና እንዲሠራ የተፈቀደለት።

ወደ ሦስተኛው ነገር እንምጣ፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ሁለቱም ቤቶች ለእኛ ግማሽ ቤት ሆነው በቀሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 በዜሮክስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጆ ቤከር ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ቁጥር፣ አንድ ወንበር ይሰጥ የሚል ሐሳብ አረቀቀ፤ ስሙንም ዩኒኮድ አለው። የግዕዝ ፊደል ወደዚያ ጉባኤ የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. መባቻ። ፕሮግራመሮች በሚወዱት በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር «ሀ» 1200 ተሰጣት፤ «ለ» 1208፣ «ሐ» 1210፣ «መ» 1218። ልብ በሉ፤ ሀለሐመ እንዳለ፣ የኔታ እንዳስቆጠሩት ነው የተቀመጠው። ከዚህ በኋላ «ለ» የማንም ኩባንያ «ለ» አይደለችም፤ ልብስም አልተዋሰችም።

ቁጥሩን በፋይል ውስጥ እንዴት እንጻፈው የሚለውን የፈቱት ደግሞ ያው ኬን ቶምፕሰንና ባልደረባው ሮብ ፓይክ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 በኒው ጀርሲ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ በገበታ ወረቀት ላይ ነደፉት ይባላል። ሊኑክስ የመረጠው ይህንን መንገድ ነው። በዚህ አጻጻፍ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በአጭር የስልክ መልእክት ላቲን 160 ሲፈቀድለት አማርኛ 70 ላይ የሚቆመው በሌላ ስሌት ቢሆንም ዘመዱ ነው። ግጥም ለሚጽፍ ሰው 70 ፊደል አያንስም፤ የተዋጣለት መንቶ ይቋጥርበታል።

ወንበሩ ቢሰጥም ገብቶ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። ዊንዶውስ ከራሱ ጋር የተወለደ የግዕዝ ፎንት ያገኘው በቪስታ ነው። ቪስታ ለገበያ የቀረበው ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. ነበር፤ ሚሌኒየማችን ሊገባ ሰባት ወር ተኩል ሲቀረው። ፎንቱን የነደፉት ጆን ሀድሰንና ጀራልዲን ዌድ ሲሆኑ ስሙን ከባሌ ተራራ ተውሰው «ኒያላ» አሉት። ኋላም ዝርዝሩንና መልእክቱን ወደ አማርኛ የሚመልስ ጥቅል ወጣለት። ማኪንቶሽም «ከፋ» የተባለውን ፎንት ይዞ ተከተለ። አንዱ አውሬያችንን፣ አንዱ የቡና አገራችንን። በሊኑክስ በኩል ብዙውን የደከመበት የዳንኤል ያቆብ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው፤ ሥርዓቱ «አማርኛ፣ ኢትዮጵያ» የሚባል ምርጫ እንዲኖረው ያደረገው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በሊኑክስ ያንን ምርጫ መርጣችሁ ቀኑን ብትጠይቁት «ኦገስት»፣ «ሴፕቴምበር» ብሎ በአማርኛ ፊደል ይመልስላችኋል። መስከረም የለም፤ ጳጉሜን የለችም። ፊደሉ ገብቶ ዘመኑ በር ላይ ቀረ። የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀና፣ የእኛን ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም የሥልጠናው የመጀመሪያ ልምምዱ እንደ ነበረ አጫወተኝ። የአሥራ ሦስት ወሩ ነገር ብዙ ጊዜ አሳስቶታል።

አሁን የራሴን ልናገር። በ1998 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ግጥሞቼን የያዘች አንዲት ደብተር ነበረችኝ። በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ከነበሩት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ የምትሠራ አንዲት እትዬ አሥራ ዘጠኙን ግጥም በገጽ ሒሳብ ጽፋ በፍሎፒ ሰጠችኝ። በየትኛው መጻፊያ እንደ ጻፈችው አላውቅም፤ ባውቅም ስሙን አልጠራም። በ2002 ዓ.ም. ገደማ የድሮው የልደታ መንደር ለኮንዶሚኒየም ሲፈርስ ወደ አብነት ተዛወርን፤ በግርግሩ ደብተሯ ጠፋች። አልደነገጥኩም። ፋይሉ አለኛ! ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ፤ ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ሲዲውን በነፃ በፖስታ ይልክ ስለ ነበር (ያ ልግስና እ.ኤ.አ. በ2011 ቀርቷል) ጓደኛዬ አስልኮ ማሽኑ ላይ ጭኖት ነበር። ፋይሉን እዚያ ላይ ከፈትኩት። የነጠላ ሰረዝ፣ የቅንፍ፣ የዶላር ምልክት መዓት። «ኡቡንቱ» ማለት በደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰው በሰውነቱ የሚተሳሰርበት ደግነት ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ቀን ክፉኛ ረገምኩት። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ለምን ዋሸኸኝ ማለት የነበረብኝ ልብስ ተውሶ «ለ» ነኝ ያለኝን ነው። ይባስ ብሎ ፋይሉ ፎንቱን ሳያስከትል እንዲሁ ጥሬ ጽሑፍ ሆኖ ነበር የተቀመጠው። ከፍሎፒ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ እያዛወርኩ አሥራ አምስት ዓመት አስቀመጥኩት፤ ሰው የማይነበብ ክታብ በአንገቱ እንደሚያስር።

የአክስቴ ልጅ ታሪኩን እስከዚህ ሰምቶ፣ «ፋይሉ አሁንም አለ?» አለኝ። ፍላሹን ሰጠሁት።

ሰፈራችን አብነት ይባላል። በቤተ ክህነት አብነት ማለት ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ የሚወርድ የቃል ትምህርት ነው፤ ስያሜው ከዚያ ይምጣ ከሌላ አላጣራሁም። ያ ትምህርት ግን በዚያ እሑድ ረዳን። ከአሥራ ዘጠኙ ግጥሞች አንዱን፣ በትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ላይ ስላነበብኩት፣ በቃሌ እይዘዋለሁ። እኔ በቃሌ ስል እሱ ከዝብርቅርቁ ጋር እያስተያየ፣ ይህ ምልክት «ለ» ነው፣ ይህ «ም» ነው እያለ ሠንጠረዥ ሠራ። ሊኑክሱን ማሽኑ ላይ ገና አልጫነውም ነበር፤ ከፍላሽ አስነሥቶ ነው የሚሞክረው። ይህ የሊኑክስ መልካም ጠባይ ነው፤ ሳያገባህ አስቀድሞ ያጫውትሃል። በፓይተን ሠላሳ መስመር የማትሞላ ፕሮግራም ጻፈና ፋይሉን አሳለፈበት። ጥቁሩ ገጽ ላይ አማርኛ ተንጠባጠበ፤ ፊደሎቹ በላቲን ልክ በተሰፋ ጠባብ ሣጥን ታጭቀው፣ «ጨ» ጎኗ ተቆርጦ፣ «ሕመም» ሲል ሁለቱ መሞች ተደራርበው። ግን አማርኛ ነበር።

በዊንዶውስስ አይቻልም ነበር ወይ? ይቻላል። የድሮው የዊንዶውስ ጥቁር ገጽ ፊደላችንን በባዶ ሣጥን ነበር የሚያሳየን፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አዲሱ የተሻለ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሊኑክስን በዊንዶውስ ጉያ ውስጥ ማስነሣት ተችሏል፤ ሁለቱ ባላንጣዎች በአንድ ጣራ ይኖራሉ። ስለዚህ ከፊደል አንጻር የድሮው ጥያቄ ዛሬ ኃይሉ ደክሟል። ለአክስቴ ልጅ ሊኑክስን ጫን ያልኩት በሌላ ምክንያት ነው፦ ማሽኑ ያረጀ ነው፤ እሱ ድሃ ነው፤ ተማሪ ደግሞ ግድግዳውን ነካክቶ የሚያይበት ቤት ይሻለዋል። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቅኩት። ነገ መሥሪያ ቤት ሲቀጠር፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊው በድሮ ፎንት የተጻፈ የሃያ ዓመት ደብዳቤ ያወጡለትና «ይህን ክፈትልኝ» ይሉታል። ዛሬም በአንዳንድ መሥሪያ ቤት በዚያው በተዋሰ ልብስ ይጻፋል። ስለዚህ ዊንዶውሱን ጨርሶ እንዳያጠፋው፣ ዲስኩን ከፍሎ ለሁለቱም እንዲሰጥ መከርኩት።

ግጥሞቹን አንብቦ ለመጨረስ ሦስት እሑድ ፈጀብን። የድሮው መጻፊያ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ያከፋፈለ ነበርና፣ ፎንቱ ሲጠፋ አንዱ ምልክት ሁለት ፊደል ሆኖ መነበብ ጀመረ። የአክስቴ ልጅ ፕሮግራም በነዚያ ቦታዎች ሁለቱንም አማራጭ በቅንፍ ጽፎ ይተውልኛል፤ ምርጫው የእኔ ነው። የብራና መጻሕፍትን የሚያመሳክሩ ሊቃውንት እንዴት እንደሚሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። አብዛኛው በምሥጢሩ ይታወቃል፦ ዝናብ ይዘንማል እንጂ «ይዘንዋል» አይባልም። ከሁለት መቶ በላይ ቦታ እንዲህ ሞላሁ። ካነበብኳቸው ግጥሞች ብዙዎቹ ደካሞች ናቸው፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ምን ይጽፋል? ሦስቱን ግን ወደድኳቸው፤ ወደፊት እዚሁ ላይ አነብላችሁ ይሆናል።

አንድ ቦታ ብቻ አቃተኝ። ስለ እናቴ በጻፍኩት ግጥም ውስጥ ነው። «መ» እና «ወ» በአንድ ምልክት ተደርበዋል፤ መስመሩ «በማለዳ መጣች» ወይም «በማለዳ ወጣች» ይላል። ከፊቱና ከኋላው ያለው ስንኝ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ቤቱም በሁለቱም ይመታል። ደብተሯ የለችም። እናቴን ብጠይቃት፣ «እኔ ምን አውቅልሃለሁ ልጄ፣ መግባትም መውጣትም በማለዳ ነበር» አለችኝ። ፋይሉን በአዲሱ ፊደል ሳስቀምጠው ቅንፉን እንዳለ ተውኩት።